ጫፍ ድረስ የተሳለ ጠርዝ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 5

አርባ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ ሰም ቀባሁ። የአሥራ ዘጠኙን ጠርዝ ሞረድኩ። ወገቤ ከምሳ በኋላ ሥራ አቆመ፤ እኔ ቀጠልኩ።

ሆሊስ ወደ ምድር ቤት ወረደ። የተራራው ባለቤት እዚህ የሚወርደው በዓመት ሁለቴ ነው፤ ወይ ቧንቧ ሲፈነዳ ወይ ሰው ሊያባርር። ቧንቧውን ቀና ብዬ አየሁት። ደህና ነው።

"ዌንደል፣ የኪራይ ሰሌዳዎቹ አርጅተዋል።"

"ከሦስት ዓመት በፊት ነግሬህ ነበር።"

"አሁን ሰማሁህ። ለሚቀጥለው ክረምት ስድሳ አዲስ እናስመጣለን። ሦስት ዓይነት ለሙከራ ልከውልናል። የቱ ይሁን? አንተ ምረጥ። እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ጊዜ አለህ።"

"አሁኑኑ ልንገርህ።"

"ምን እንደምትል አውቃለሁ። ሁለት ወር የሰጠሁህ ለዚያ ነው።" ደረጃው ላይ ደርሶ ዞረ። "የምትመርጠው ለራስህ አይደለም። ከቦስተን መጥቶ በረዶው ላይ እንደ ላም ለሚንገዳገደው ሰውዬ ነው።"

ሄደ። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ በየተራ አስተኝቼ ከበስተኋላ ባትሪ አበራሁ። ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ ካየህ ሰሌዳው ምን እንደሚያደርግህ ታውቃለህ።

የመጀመሪያው ጎባጣ። ካታሎጉ ካምበር ይለዋል። ጠረጴዛውን የሚነካው በሁለቱ ዳር ነው፤ ብርሃኑ በመሐሉ ሥር ያልፋል። ደጋን በለው። ስትቆምበት ጉብታው ይጫናል፣ የብረት ጠርዙ ከአፍንጫ እስከ ጅራት በረዶውን ይነክሳል። ከመታጠፊያው ስትወጣ ደጋኑ ይመለሳል፣ ይወረውርሃል። ሠላሳ ዓመት የወረድኩት በእሱ ነው።

ሁለተኛው ግልባጩ። በመሐሉ ተቀምጦ አፍንጫና ጅራቱ ከፍ ያለ። ጀልባ እንለዋለን። እግርህን ካዞርክ ይዞራል፣ ለጀማሪ ደግ ነው፣ ጥልቅ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። ግን ሰሜን ቨርሞንት ነው ያለነው። ጥልቅ በረዶ በዓመት አራት ቀን ቢገኝ ነው። የቀረው ጊዜ መውረጃው ጠጥሮ ብርጭቆ ይሆናል። ጀልባ ብርጭቆ ላይ... ሳሙና።

ሦስተኛው ከእግር ሥር ጎበጥ ብሎ ወደ አፍንጫና ጅራቱ ሲቃረብ ቀና ይላል። መርል መጥቶ አየው። ተንሸራታቾቹን በወንበር ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣው ሊፍት መካኒክ ነው፣ ለማሞቂያዬ ሲል ነው የሚመጣው።

"ይሄማ ዲቃላ ነው። አባቱ የማይታወቅ።"

ስሙ በዚያው ጸደቀ።

እኔ መርጫለሁ። ጎባጣ። ሁለት ወር ምን ይሠራልኛል?


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 7

ትናንት ዕረፍቴ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ኒውፖርት እሄዳለሁ፣ ለወገቤ። የምታክመኝ ልጅ "ዘና በል" ትላለች። በየሳምንቱ ያንኑ።

ዛሬ ጠዋት ጀልባው መደርደሪያው ላይ ጠበቀኝ። ትናንት ሰው ሞክሮታል። የሙከራ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ጃኒን ዴሶቴል። ከሚስቴ ከኖሪን ጋር የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ጃኒን! በስኪ፣ በጥንዶቹ ቀጫጭን መንሸራተቻዎች፣ እንደምትወርድ አውቃለሁ። ሰሌዳ በዚህ ዕድሜዋ? ሚስቴም ሃምሳ አምስት ሞልቷታል፣ እኩያ ናቸው።

አስተያየት በሚለው መስመር ላይ፦ "ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ሰባት ጊዜ ወደቅኩ። ብዙ አያምም።"

የእግር ማሰሪያዎቹ ቀኝ እግር ከፊት እንዲሆን ተደርገዋል። የተረከዙ ጠርዝ ሻክሯል። የጣቱ ጠርዝ እንደተፈጠረ ነው። ጀማሪ እንደዚህ ነው፤ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በተረከዙ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ እንደሚወድቅ ቅጠል። ወደ ጣቱ ለመዞር ለቁልቁለቱ ጀርባውን መስጠት አለበት። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚቀረው።

የማሰሪያዎቹን ትርፍ ጫፍ መልሳ አጥፋ ወደ ውስጥ ሸጉጣቸዋለች። ማን እንደዚህ ያደርጋል? በደነዘዘ ጣት ስፈታ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

ዝናብ። ማታ ይቀዘቅዛል። ነገ ብርጭቆ።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

የጃኒን ወረቀት፦ "ወደ ጣቴ መዞር እፈራለሁ። በፊቴ የምደፋ ይመስለኛል።"

በሐቀኝነት የጻፈ ሰው መልስ ይገባዋል። ወረቀቱን ገልብጬ ጻፍኩ፦ "ጃኒን፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ሰው የሚደፋው የሰሌዳው ዳር ሳያስበው በረዶውን ሲነክስበት ነው። ይሄኛው ግን አፍንጫና ጅራቱ ከፍ ስላለ እንደዚያ አይነክስሽም። ሜዳው ጋ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ ሞክሪ። ጊዜ አለሽ።"

በገመድ ማሰሪያው ላይ አንጠለጠልኩት።

እራት ላይ የኖሪንን ጉልበት አየሁ። ሐምራዊ ሆኗል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"የአውቶቡሱ ደረጃ።"

"አሸዋ በትኚበት። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?"

"እንጃ" አለች። "ቆጥሬው አላውቅም።"


እሑድ፣ ጃንዋሪ 18

የሦስት ቀን ዕረፍት። የመኪና ማቆሚያው እስከ መንገዱ ሞልቷል። መቶ አሥር ኪራይ ወጣ። ያልተመለሰ ጓንት፣ የጠፋ ልጅ፣ የተገኘ ልጅ።

ቀትር ላይ አንዱን ከኮነቲከት የመጣ ጎልማሳ በነፍስ አድን ተንሸራታች አወረዱት። የእጅ አንጓው ተሰብሯል። ሰሌዳው የኛ፣ ጎባጣ፣ በክረምቱ መጨረሻ የሚጣለው ዓይነት። ጠርዙን ግን ዓርብ ዕለት እኔው ነኝ የሳልኩት።

መርል ማሞቂያው ጋ ቆሞ፣ "ዘንድሮ ስንተኛው ነው?"

"አምስተኛ።"

"ኧረ?"

"ሰሌዳው አላጠፋም።"

"አንተ ሽማግሌ፣ መቃብርህ ላይ እሷን ነው የምንጽፍልህ። ዌንደል ኮሪቮ፣ ሰሌዳው አላጠፋም።"

ሳቅን። ከሄደ በኋላ ስለ ኖሪን አሰብኩ። ለምን ዛሬ?

ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል። ፌብሯሪ ነበር። የራሴን ጎባጣ፣ ባለ 162 ሴንቲሜትሩን ሰጠኋት፣ ጠንካራውን፣ ማንም እንዲነካው የማልፈቅደውን። ስጦታ መሆኑ ነው። ማታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልኩት፤ ጥፍር ይልጥ ነበር። ቁልቁለቱን ደህና ወረደች። የወደቀችው ታች፣ ሊፍቱ ጋ፣ ሜዳው ላይ ነው። ልትቆም ስትል። ድምፁን እኔም ሰማሁት።

እጇ ውስጥ ሁለት ብረት፣ ሰባት ብሎን ገባ። በረዶው ላይ እንደተኛች ምን አልኳት? "ጉልበትሽን እጠፊ አላልኩሽም?"

ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። ፈራች ብዬ ተውኳት። አልጫንኳትም። ይሄን እንደ ደግነት ነው የቆጠርኩት።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21

የጣቱ ጠርዝ ላይ ጭረት! አንድ ክንድ የምታህል፣ መሐል ላይ።

ወረቀቱ፦ "ዞርኩ። አንዴ። ሊፍቱ ላይ የነበሩት ያጨበጨቡልኝ መሰለኝ። እጃቸውን እያሞቁ ሊሆን ይችላል።"

ብቻዬን ሳቅሁ። ዛሬ ስድሳ ሰሌዳ በእጄ አልፏል። ደስ ያለኝ በአንድ ጭረት ነው። ምን ነካኝ?

ጻፍኩላት፦ "ያጨበጨቡት ላንቺ ነው። አሁን ሁለት ጊዜ ዙሪ።"


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 28

ወረቀቱ፦ "ብርጭቆ ነበር። ጀልባው በጎኔ እየጎተተ እስከ አጥሩ ወሰደኝ። መረቡ ላይ እንደ ዓሣ ተያዝኩ። ጥፋቱ የኔ ነው?"

"ሰሌዳው አላጠፋም" ብዬ ጀመርኩ። ከጻፍኩት በኋላ አየሁት። ለዚህች ሴት ይሄ እውነት አይደለም። ሰረዝኩ።

"ያንቺ አይደለም። ጀልባው ላይ ስትቆሚ ክብደትሽ በሙሉ መሐሉ ላይ ነው። ጠርዙ በረዶውን የሚነካው በእግሮችሽ መካከል ብቻ ነው፣ ጫፎቹ አየር ላይ ናቸው። ለስላሳ በረዶ ላይ ይበቃል። ብርጭቆ ላይ በግማሽ ቢላ እንደ መቁረጥ ነው። የሚቀጥለው ጊዜ ዲቃላውን ውሰጂ። ከእግርሽ ሥር ጎባጣ ስለሆነ ይይዝልሻል፤ ዳርና ዳሩ ቀና ስላለ አይጥልሽም። ሲይዝሽ ትደነግጪ ይሆናል። አትደንግጪ።"

ከዚያ ዲቃላውን ጠረጴዛው ላይ አወጣሁ። ፋብሪካው ጠርዙን እስከ ጫፍ ስሎ ነው የላከው። በአፍንጫውና በጅራቱ በኩል አንድ አንድ ስንዝር በሞረድ አደነዘዝኩላት። ጠርዝ ማደንዘዝ ቢላ ማደንዘዝ ነው ስል ነው የኖርኩት። ለኪራዮቹም አላደርገውም። ለጃኒን አደረግሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።


ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 4

"ይይዛል። እንዳልከው ደነገጥኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ አንድ ሰውዬ ዞሮ አየኝ።"

ሁለቱም ጠርዝ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። አራት ወር የሚፈጅባቸው አሉ። ይቺ ሴት ከመጀመሪያው ጎባጣ ሰጥተናት ቢሆን ኖሮ...

ማሰሪያው አሁንም ተሸጉጧል። ለምጄዋለሁ።


እሑድ፣ ፌብሯሪ 8

ከኖሪን ጋር በማገዶ እንጨት ምክንያት ተጣላን። እየደረደረች ነበር። ልጣጩ ወደ ላይ ይሁን አልኳት። ገለበጠች። ቀጥሎ ደግሞ በጫፍ በኩል ያለው አይበዛም ወይ አልኳት። የያዘችውን እንጨት መሬት ላይ አስቀመጠች። አልወረወረችም፤ አስቀመጠች።

"አንተ አጠገብ የቆመ ሰው እጁ ይተሳሰራል" አለች።

"የማውቀውን ነው የምናገረው።"

"እሱማ። ማወቅህን ማን ካደ?"

ገባች። የቀረውን ብቻዬን ደረደርኩ። ወገቤ።


ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 11

ወገብ። ሃያ ሁለት ሰሌዳ ብቻ። የጃኒን ወረቀት፦ "ከላይ እስከ ታች፣ ሳልወድቅ።" ቀና ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው።

እኔ ራሴ የወረድኩት መቼ ነበር? ሁለት ክረምት አለፈው። ጎባጣ እግር ይፈልጋል፣ ወገብ ይፈልጋል። ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ማንም አልጠየቀም።


ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 18

የትምህርት ቤት ዕረፍት። አገር ምድሩ እዚህ ነው። ወረቀት የለም፤ ጃኒን በሰው ብዛት ምክንያት ቀርታለች መሰለኝ። መደርደሪያውን ሁለቴ አየሁት።

ሆሊስ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ "እንግዲህ?"

"አልደረሰም።"

"ጃንዋሪ ላይ እኮ 'አሁኑኑ ልንገርህ' ብለኸኝ ነበር።"

"ወሩ አላለቀም፣ ሆሊስ።"


ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 25

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ምሳ ሰዓት። ዲቃላው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የትናንቱ። ወረቀቱ ረጅም ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አምስት ጊዜ እንደወረደች፣ በመጨረሻው ላይ ስለ ጠርዝ ማሰብ እንደረሳች። ምሳዬን እዚያው አወጣሁ። ኖሪን ናት የምታዘጋጀው፤ ቺዝና የፖም ቅቤ በዳቦ። የዳቦውን ከረጢት ልከፍት ስል እንደ ሁልጊዜው አፉ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ፣ ወደ ሥር ተሸጉጧል። ጣቴን ሰድጄ አወጣሁት። ከዚያ ሳንድዊቹን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ማሰሪያውን ልፈታ... ያው ጣት። ያው እንቅስቃሴ።

ሳንድዊቹን አስቀመጥኩ።

ሠላሳ ዓመት ያንን ከረጢት ከፍቻለሁ። የውሻው ማሰሪያ እንደዚያ ነው። የአትክልት ቦታው ቱቦ እንደዚያ ነው።

ቀኝ እግር ከፊት። ኖሪንም ቀኝ እግሯ ነበር ከፊት። እኔ ነኝ ማሰሪያውን የገጠምኩላት፣ ያኔ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ጋራዥ ሄድኩ። የድሮ የመንሸራተቻ ቡትስዋ ሃያ አንድ ዓመት ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። ሚስማሩ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ የቡትስ ቅርጽ ያለው ንጹሕ ቦታ ቀርቷል። ከመቼ ጀምሮ? በየቀኑ በአጠገቡ ነው የማልፈው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ድንች ትልጣለች።

"ዛሬስ እንዴት ነበር?" አለች።

"ደህና።"

"ወገብህ?"

"አለ።"

ጉልበቷ ላይ ሌላ ሐምራዊ አለ፤ እሱም ወደ ቢጫ ሄዷል። ምን ብዬ ልጀምር? ማክሰኞን የመረጠችው እኔ ስለሌለሁ ነው። ይሄን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።


ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 26

162ቱን ከጣሪያው ወጋግራ አወረድኩ። ወደ ሥራ ይዤው ሄድኩ። አስተኝቼ ባትሪ አበራሁበት። ብርሃኑ አሁንም ሰፊ ነው፤ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላም ደጋኑ አልለቀቀም። ደህና ሰሌዳ።

አውራ ጣቴን ጠርዙ ላይ አስኬድኩት። ከመሐል ወደ አፍንጫው። ስለት፣ ስለት፣ ስለት... እስከ ዳር። የትም ላይ አልደነዘዘም።

ጎባጣ ሜዳ ላይ ስትቆምበት ክብደቱ ወደ ሁለቱ ዳር ይሄዳል። ሰሌዳውን ትንሽ ካጋደልከው በመጀመሪያ የሚነክሰው ዳሩ ነው። ይሄን ለማንም እንግዳ ሰው አስረዳለሁ። ለጃኒን አስረድቻለሁ፣ በጽሑፍ። ኖሪን የወደቀችው ሜዳ ላይ ነው። ልትቆም ስትል ነው። ጉልበቷ ቢታጠፍም ባይታጠፍም ይጥላት ነበር።

ሞረድ አንስቶ ጫፎቹን ማደንዘዝ ሁለት ደቂቃ ነበር።

ደም ወጣኝ፣ ከአውራ ጣቴ። ጥቂት ነው።

ከሰዓት በኋላ ያሉንን ኪራዮች በሙሉ ጫፋቸውን ማደንዘዝ ጀመርኩ። ሠላሳ አራት ደረስኩ። መርል መጣ፣ ቆሞ አየኝ፣ አንድም ቀልድ አልተናገረም። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው።


ዓርብ፣ ፌብሯሪ 27

ሆሊስ ቢሮ ወጣሁ። ደረጃው ሃያ ሁለት ነው።

"ዲቃላውን።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "እንደገና በለው።"

"ዲቃላውን። ስድሳውንም። ጀልባው እዚህ በረዶ ላይ አይይዝም፤ መረብ ላይ ነው የምትለቅማቸው። ጎባጣው ይይዛል፣ ግን ጀማሪን ይቀጣል። ዲቃላው ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያጣል፤ ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል።"

"ማን ነው ሐሳብህን ያስቀየረህ?"

"አንዲት ሞካሪ።"

መርል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። "ሰምታችኋል? ኮሪቮ በስተርጅና ዲቃላ አመጣ!" ምሳ ሳይደርስ ወሬው ሊፍቱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

የሙከራ ሰሌዳዎቹ የሚመለሱት ተራራው ሲዘጋ ነው፤ በማርች መጨረሻ። ጠየቅሁ።


ሰኞ፣ ማርች 2

ነገ የከተማው ዓመታዊ ስብሰባ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ አውቶቡስ የለም። ከተማው በሙሉ አዳራሽ ውስጥ ይሆናል፤ ተራራው ባዶ።

ከመውጣቴ በፊት ባዶ ወረቀት ወስጄ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀደድኩ። በመጨረሻ የቀረው ይሄ ነው፦

"ኖሪን። ያኔ ጉልበትሽ አልነበረም። ጠርዙን እስከ ጫፍ ስዬ ሰጠሁሽ። ጀማሪ ላይ የሚያደርገውን አውቅ ነበር፣ አላሰብኩትም። ከዚያ ወቀስኩሽ። ዲቃላውን ሰም ቀብቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ብርጭቆ ነው፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ይለሰልሳል።"

ማሰሪያው ላይ አንጠለጠልኩት። ጫፉን ሸጎጥኩት።


ረቡዕ፣ ማርች 4

ትናንት ኒውፖርት አልሄድኩም። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ስለ መንገድ ጠራጊው መኪና አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን። አንዱ መግዛት የለብንም አለ፤ ያው ሰውዬ አምና ለምን አልተገዛም ብሎ የጮኸው ነው። ባቄላና የአሳማ ሥጋ በላን። እጄን አንስቼ ድምፅ ሰጠሁ፤ ለምን እንደሰጠሁ ግን እንጃ። ኖሪን አልነበረችም። ጃኒንም አልነበረችም።

ማታ ቤት ስገባ ፊቷ ንፋስ መቶት ቀልቷል። ሰሃን አቀበለችኝ። ስለ ስብሰባው ጠየቀችኝ። መኪናው ተገዛ አልኳት። "ጥሩ" አለች። ተኛን።

ዛሬ ጠዋት መደርደሪያው ጋ ስደርስ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም። ወረቀቱ አለ። በዚህ ጊዜ በኖሪን በራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እስከ ዛሬ የምትጽፍላት ጃኒን ነበረች።

"ዌንደል። ጃኒን ክረምቱን ሙሉ እያመላለሰችኝ መኪናዋ ውስጥ ስትጠብቅ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ጨርሳለች። ሰላም ብላሃለች። ለእሷ ስትጽፍ ጨዋ ነህ። 'ጊዜ አለሽ' ትላለህ። እኔ ይሄን ለመስማት የሌላ ሰው ስም መዋስ ነበረብኝ። ከተናደድኩብህ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ስለ እጄ አይደለም።

ስለ ጠርዙ ግን አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ወገብህን ሌላ ቀን ታከም። ጀልባውን ውሰድ፣ እሱ አያስቸግርህም። ዲቃላው የኔ ነው። መንገድ ላይ ምንም እንዳታስተምረኝ።"

ሁለቴ አነበብኩት። አጥፌ በደረት ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ሰሌዳ።


ረቡዕ፣ ማርች 11

ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሊፍት ላይ ወጣን። አጠገብ ለአጠገብ። ምን እናውራ? ስለ ውሻው አወራን።

መውረጃው ላይ ፀሐይ ገና አልደረሰም ነበር። ብርጭቆ። ከአራት በኋላ ይሻላል ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አየችኝ። ማሰሪያዋን አሰረች፣ ጫፉን ሸጎጠች፣ ቀድማኝ ሄደች።

ጥሩ ትወርዳለች። ጠርዝ ብቻ እያየሁ ስንት ሳምንት አወቅኋት፤ ሰውነቷን ሳይ ሌላ ነው። የኋላ ትከሻዋ ትንሽ ይዘገያል። ከዲቃላው ሥር ቀጭን መስመር ይቀራል፣ እንደ እርሳስ። ይይዛል።

እኔ ጀልባው ላይ ነኝ። ሁለት ክረምት ያልሠራ እግር። የመጀመሪያው ዙር ደህና፣ እንዲያውም ቀላል፤ ወገቤ ዝም አለ። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ላይ በልማድ ተጋደልኩበት፣ እንደ ጎባጣ ይይዘኛል ብዬ። አልያዘም። በጎኔ ወሰደኝ። ሙሉ መውረጃውን አቋርጬ በመቀመጫዬ አጥሩ ሥር ደረስኩ።

ከላይ ሊፍቱ ላይ ድምፅ። መርል ነው፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

"ኮሪቮ! ሰሌዳው አላጠፋም!"

ተራራው በሙሉ ሰማ።

ኖሪን ታች ቆማ ጠበቀችኝ። ሠላሳ ዓመት ታች ቆሜ ሰውን ሁሉ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፣ ሰዓት እያየሁ። እሷ ሰዓት አላየችም። በረዶውን ከሱሪዬ እያራገፍኩ፣ እየተንገዳገድኩ አጠገቧ ደረስኩ።

"ተጎዳህ?"

"አልተጎዳሁም።"

"አትስማው" አለች። "ሰሌዳው ነው።" ከዚያ መነጽሯን አወረደች። "ግን ጉልበትህን እጠፍ።"

አጠፍኩ።